የቀኝ መንጋጋ ጥርሴ ነገር

ኅዳር 4፣ ሰኞ

ዛሬ ቁርስ ላይ ዳቦ ስነክስ ከኋላ በኩል፣ በቀኝ፣ በታችኛው ረድፍ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጠጠር መስሎኝ ዳቦ ጋጋሪውን ረገምኩት። አውጥቼ ሳየው ጠጠሩ የራሴው ጥርስ ነው፤ ጥጉ ተሸርፎ። ቶሎ ብዬ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ማንም አላየኝም።

እንዴት ብዬ ልናገር? ባለፈው ሳምንት ነው አማቼን፣ የልጄን ባል፣ «እኔ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ሁሉም ጥርሴ የራሴ ነው፤ እናንተ ገና በወጣትነታችሁ አፋችሁ በሙሉ ጥገና» ያልኩት። እሱም አንገቱን ደፍቶ «ዕድለኛ ነዎት፣ እማማ» አለኝ። ትሑት ልጅ ነው። ቁመቱ ከበሩ ጋር ስለሚጋጭ አንገቱን መድፋት ለምዶበታል።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

አያመኝም። ቀዝቃዛ ሲነካው ብቻ ነው። ትኩስም ሲነካው። ደረጃ ስወጣም።

ኅዳር 8፣ ዓርብ

ቅርንፉድ ጥርሴ ላይ አድርጌ ዋልኩ። ልጄ ከሥራ ስትገባ አፍንጫዋን ይዛ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብላ ቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ቧንቧውን ከፍታ ቆየች። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋትም እንደዚሁ ናት፤ ቧንቧ ትከፍትና በሩን ዘግታ ትቆማለች። ውኃ ማባከን ከየት እንደተማረች እንጃ፤ እኔ እንደዚያ አላሳደግኳትም። ሽንኩርት ስከትፍም ከወጥ ቤት ትሸሻለች። ድሮም ሥራ ሲኖር ሰበብ አታጣም።

ኅዳር 10፣ እሑድ ማታ

ዛሬ የሰማሁትን ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

በመጀመሪያ ግን፣ እኔ የሰው ወሬ አላዳምጥም። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ ዕድሜዬን ስፈጅ ስንት ጉድ በጆሮዬ አልፏል፣ አንዱም ከአፌ አልወጣም። ጡረታ ስወጣ ግን ጆሮዬ አብሮኝ አልወጣም፤ እስካሁን ሥራ ላይ ነው። የዚህ አገር ግድግዳም ስስ ነው። ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ልጄ፦ «ለእማዬ አሁን አንነግራትም።»

አማቼ፦ «እሺ፣ ግን ትንሿ ክፍል ታስፈልገናለች። ቀደም ብለን ብናስተካክል አይሻልም?»

ልጄ፦ «አውቃለሁ። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ነው የጨነቀኝ።»

ትንሿ ክፍል የእኔ ናት።

ልጄ ወደዚህ አገር ስታመጣኝ ለሦስት ወር ብላ ነበር። «ነይ፣ ትንሽ ዕረፊ» ብላ። አንዱ ወር ሌላውን እየጎተተ ይኸው ዓመት ሊሆነኝ ነው። ቤቴን ለእህቴ ትቼ፣ ከአገሬው ቋንቋ «እንደምን አደሩ»ን፣ «አመሰግናለሁ»ን እና «አዎ»ን ብቻ ይዤ ባዕድ ሰፈር ውስጥ ስንከራተት፣ ለካ እንግዳነቴ በዝቶባቸው ኖሯል። መናገር አፍረው እንጂ።

አልቀየምም። የራሳቸው ቤት ነው። ግን ልጄ ናት እኮ!

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

አማቼ ክፍሌን በሜትር ለካ። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እያለሁ! «ምንድን ነው?» ስለው «እ... መደርደሪያ ነው፣ እማማ» አለኝ። ጆሮው ቀላ። መደርደሪያ ለመለካት ሰው ወለል ላይ ይንበረከካል? መዋሸት የማይችል ሰው ሲዋሽ ማየት ያሳዝናል።

ጥርሴ ሌሊቱን ሙሉ ሲደልቅ አደረ።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ሾርባ። ትናንትም ሾርባ። ልጄ «ምነው እማዬ፣ ዳቦውን ተውሽው?» አለችኝ። «ጠግቤ» አልኳት። እሷም የራሷን ሾርባ ሁለቴ ቀምሳ ገፋችው። ሁለታችንም ሳህናችንን እያየን ተቀመጥን። አማቼ፣ ምስኪን፣ እንዳይከፋን ብሎ የሦስታችንንም በላ። በኋላ ሶፋው ላይ በጀርባው ተዘርሮ ሲያቃስት ሰማሁት።

መታመሜ ከታወቀ «አየሽ፣ እዚህ አልተስማማሽም» ለማለት ይመቻቸዋል። ስለዚህ አልታመምኩም።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ! ከታችኛዋ በቀር ማንም አያውቅም።

ታችኛዋ የምላት ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ባልቴት ናት። እሷም እንደ እኔ መጤ ናት፣ ግን ከሌላ አገር። የእኔን ቋንቋ አታውቅም፣ የእሷን አላውቅም፤ የአገሬውን ደግሞ ሁለታችንም አናውቅም። እንዲያም ሆኖ ደረጃ ላይ ቆመን ስናወራ ግሮሰሪው ይዘጋብናል። ዛሬ ጉንጬን ይዤ ስወርድ አገኘችኝና አፏን ከፍታ የወርቅ ጥርሶቿን አሳየችኝ። እዚያ አፍ ውስጥ ያለው ወርቅ አንዲት ሙሽራ ይድራል። ከዚያ ክንዴን ይዛ መጎተት ሆነ።

የጥርስ ሐኪሙ ቤት መንገዱ ጥግ ላይ፣ በላውንደሪውና በቁልፍ ሠሪው መካከል ነው። ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። መስኮቱ ላይ የሚስቅ ጥርስ ተስሏል፤ እኔ የሕፃናት መዋያ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሙ ሰፊ ሰው ነው፤ ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ራሱ ላይ ካለው ይበልጣል። ሲሠራ ያንጎራጉራል። አፌን ከፍቶ ሲያይ ማንጎራጎሩን አቆመ፤ እኔም መተንፈሴን አቆምኩ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። ቋንቋውን እንደማላውቅ ሲገባው፣ ደንቆሮ የሆንኩ ይመስል ድምፁን ከፍ አደረገ። ይኼኔ ታችኛዋ «ቆይ፣ እኔ ላስተርጉም» በሚል አኳኋን እጇን አነሳችና፣ እሱ ያለውን በዚያው ቋንቋ፣ ከእሱ የበለጠ እየጮኸች ደገመችልኝ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጮኻለች፣ እኔ «አዎ» እላለሁ። «አዎ» ማለት አሳምሬ እችላለሁ። ረዳቱ፣ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

በመጨረሻ ሐኪሙ ሁለት ሥዕል ሣለልኝ። አንዱ ጥርስ ያለበት ድድ፣ ሌላው የሌለበት። ያለበትን አመለከትኩ። ራሱን ነቀነቀና የሌለበትን አመለከተ። መልሼ ያለበትን። እሱ የሌለበትን። እንዲህ በጣት ስንጨቃጨቅ ቆይተን ደከመው መሰለኝ፣ ለእብጠቱ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠኝ። ስንወጣ ታችኛዋን በሐዘኔታ ዓይን እያየ፣ «ሌላ ጊዜ መናገር የሚችል ሰው ይዘሽ ነይ» የሚል ምልክት በእጁ አሳየኝ። በሚገባ ገብቶኛል። እንዳልገባኝ ሆንኩ።

ኅዳር 19፣ ማክሰኞ

ሕመሙ ጋብ አለ። ሐኪሙ አጋኖታል ማለት ነው።

ልጄ ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። የዚህ አገር ሥራ ሰው ይጨርሳል። ስትነሳ ሎሚ ቆርጣ በጨው ትልስ ጀመር። እሷ ስትልስ የእኔ ጥርስ ያማል።

ልጅ መቼ ነው ብዬ እንዳልጠይቃት ከመጣሁ ጀምሮ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ጠብቄዋለሁም። እንዲህ ደክማ እየዋለች ደግሞ ምኑን ልጠይቃት።

ኅዳር 22፣ ዓርብ

ልብስ ማጠቢያው እየዞረ ነበር፤ ሙሉውን አልሰማሁም። «መሄድ» የምትለዋን ቃል ግን ጥርት አድርጌ ሰማኋት። ልጄ ናት ያለችው። ቀጥላም «ፊቷን አላየኸውም?» አለች። ከዚያ ማሽኑ ውኃ ሊተፋ ጮኸ።

ፊቴ ምን ሆነ? ፊቴንም ጠሉት?

ሂጂ እስክባል አልጠብቅም። እህቴ ጋ ደወልኩና «እመጣለሁ» አልኳት። እልልታዋን ለቀቀችው። «ፍራሽሽን ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ! መስኮቱን አስጠግነዋለሁ! ለሁሉም ነው የምነግረው!» አለች። «ለማንም አትንገሪ» ብላት ስልኩ ሳይዘጋ በአጥሩ በኩል ለጎረቤት ስትናገር ሰማኋት። በቤተሰባችን ምሥጢር መጠበቅ የምችል እኔ ብቻ ነኝ።

ኅዳር 24፣ እሑድ

ምሳ ላይ ነገርኳቸው። ሳልቆጣ፣ በጨዋ ደንብ። «በቂ ጊዜ ቆይቻለሁ፣ ልሄድ አስቤያለሁ» አልኩ።

አማቼ ሹካውን ጣለ። የልጄ ፊት አመድ መሰለ። አፏን ልትከፍት ስትል ተነስታ ሮጠች። ቧንቧው ተከፈተ።

አንድ «ቆዪ» የምትል ቃል እንኳ ነፈገችኝ። ቧንቧዋን ከፈተች።

ኅዳር 27፣ ረቡዕ

ጉንጬ ብርቱካን አክሏል። በሻርፕ ሸፍኜ ብርድ ነው አልኩ። ሊያምኑኝ ትንሽ ቀርቷቸው ሳለ ደወል ተደወለ። ታችኛዋ! ልጄ በሩን ስትከፍት ያቺ ሴት አፏን በሰፊው ከፍታ፣ ጣቷን የወርቅ ጥርሶቿ ላይ፣ ቀጥሎ እኔ ላይ እያደረገች፣ «ጥርስ! እናት! ጥርስ!» ብላ ጮኸች። ከአገሬው ቋንቋ የምታውቃቸውን ቃላት በሙሉ በእኔ ላይ ለማሳበቅ ተጠቀመችባቸው።

ነገ ልሄድ ነው። አገሬ ሳይሆን፣ ሐኪሙ ጋ።

ኅዳር 28፣ ሐሙስ

ይህን ስጽፍ ግማሽ ፊቴ የእኔ አይደለም። ቢሆንም ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ልጄ ከሥራ አስፈቅዳ ይዛኝ ሄደች። ቤት «ጥርስሽን እንኳ ትደብቂኛለሽ?» ካለችኝ ወዲያ መንገዱን ሙሉ ፊት ፊቴ ስትራመድ ነበር። እኔም «ክፍሌን የደበቀኝስ ማን ነው?» ልላት ነበር፤ አፌ አልከፈት አለኝ።

ሐኪሙ ልጄን ሲያይ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ከዚያ የተጠራቀመበትን ሁሉ አራገፈባት።

«ጥርሱ ከሥሩ ሞቷል፣ መነቀል አለበት ይላሉ» አለችኝ ልጄ። «ያኔም ልንቀለው ወይ ስላቸው ‹አዎ› ብለውኛል፣ መሣሪያ ሳነሳ ግን እጄን ያዙኝ ይላሉ።»

«እኔ ‹አዎ› አልኩ?»

«አሥር ጊዜ።»

መጀመሪያ ራጅ ያስፈልጋል ተባለ። ረዳቷ እንደ ብረት የሚከብድ ልብስ ደረቴ ላይ አደረገችብኝ። ከዚያ ቆም አለችና፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በአየር ላይ ትልቅ ክብ ሠርታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ደሜ ፈላ። መወፈሬን እኔ አላውቀውም? የመጣሁት ለጥርስ ነው!

ልጄ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። «እማዬ፣ እርጉዝ ነሽ ወይ ነው የምትልሽ። ለራጅ ስለሆነ ሴት ሁሉ ይጠየቃል።»

«በዚህ ዕድሜዬ? ስም ማጥፋት ነው!» አልኩ። ረዳቷም ሳይተረጎምላት ገብቷት ሳቀች። አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ አፌ ውስጥ ከትታ ንከሺ፣ እንዳትነቃነቂ በሚል ጣቷን ቀሰረችብኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረችና ለወጉ ያህል ያንኑ ክብ ሠራች።

ልጄ አልሳቀችም። እኔን አየችኝ። ከዚያ በዚህ አገር ቋንቋ አሳምሬ የማውቃትን አንዲት ቃል ተናገረች።

«አዎ።»

ረዳቷ ክንዷን ያዝ አድርጋ ቀስ ብላ አስወጣቻት። በሩ ተዘጋ።

ያ ሁሉ ቧንቧ! ሽንኩርቱ። ሎሚው። ሶፋው ላይ እንቅልፍ መውሰዷ። ልጮህ እንዳልችል አፌ ውስጥ ፕላስቲክ አለ፤ ልነሳ እንዳልችል ደረቴ ላይ ብረት አለ። ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት እያየሁ ቀረሁ። ማሽኑ ጢጥ አለ።

ሐኪሙ ሲገባ እንባዬ በጆሮዬ ዙሪያ ወደ አንገቴ እየወረደ ነው። አሞኝ መሰለው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ማደንዘዣ ወጋኝ። እንባው አላቆመም። ደግሞ ወጋኝ። በእጄ በሩን አሳየሁት፣ ሆዴን አሳየሁት፣ ሰማዩን አሳየሁት፤ እሱ ራሱን እየነቀነቀ ሦስተኛውን መርፌ አነሳ። በግድ ማልቀሴን ዋጥኩት። ከዚያ እያንጎራጎረ ነቀለው። ከነሥሩ ሲያሳየኝ ኩራቴ ሁሉ ያቺኑ የምታህል ነበረች።

ፋሻ አስነክሶኝ፣ ደሙ እስኪቆም እንዳትናገር ብሎ ለልጄ አስረከበኝ። መጠበቂያው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ፋሻዬን ነክሼ፣ እሷ ጫማዋን እያየች።

«ባለፈው ጊዜ እርጉዝ መሆኔን እንዳወቅኩ ወዲያው ነው በስልክ የነገርኩሽ» አለች። «ለሰፈሩ ሁሉ አበሠርሽ። ኋላ ፅንሱ ወርዶ ሲቀር... በየቤቱ ዞረሽ ‹ቀረ፣ አትጠይቋት› እያልሽ እንደነገርሽ አክስቴ አጫወተችኝ። ለእኔ ግን አንድም ቃል አልተነፈስሽም። ዘንድሮ ደግሜ እንደዚያ ላንከራትትሽ አልፈለግኩም። ልቤ ትንሽ ሲረጋ እነግራታለሁ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ...» ልል አፌን ስከፍት፣

«ንከሺ!» አለችኝ።

ነከስኩ።

«ከዚያ አንቺ ዝም አልሽ፣ መብላት ተውሽ። አገሯ ናፍቋታል፣ መሄድ ፈልጋ እኛን ይሉኝታ ይዟት ነው፣ ፊቷን አላየኸውም ወይ አልኩት። ልሄድ ነው ስትዪን ቆዪልኝ ልልሽ አፌን ስከፍት... አስመለሰኝ።»

«ክ...ል» አልኩ። ክፍል ማለቴ ነው።

«ምን?»

በእጄ ሜትር እየዘረጋሁ አሳየኋት። ቆይቶ ገባትና ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ይኼ ሰውዬ! ‹እሷ በሌለችበት ለካው› ብዬው ነበር እኮ! እኛ ነን ወደ ትንሿ የምንገባው፣ አንቺ ወደ ትልቁ። አልጋችን ይገባ እንደሆነ እያየ ነው። ሕፃኑ ሌሊት አንቺ ጋ እንዲሆን... ማለቴ፣ ከቆየሽ። ከፈለግሽ።»

ማዳመጥ ሥራዬ ነበር፤ እንደ ዛሬ ግን ጣልቃ ሳልገባ ሰው አዳምጬ አላውቅም። ያልመለስኩላት ፋሻ ነክሼ ስለነበረ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። እጇን ይዤ ነበር። ማደንዘዣው ስለሚያዞር ነው።

ኅዳር 29፣ ዓርብ

«ትንሽም አልጠረጠርሽም?» አለችኝ።

«ከመጀመሪያው ነው ያወቅኩት» አልኳት። የዚህን ደብተር ያለፉ ገጾች መልሼ አላነበብኩም፤ አስፈላጊም አይደለም።

ዛሬ ቧንቧው ሲከፈት ፎጣ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሽንኩርቱን አማቼ ከተፈ፣ መስኮት ከፍቶ፣ እያለቀሰ።

ታኅሣሥ 1፣ እሑድ

ለእህቴ «አልመጣም» አልኳት።

«ፍራሹ እኮ ፀሐይ ላይ ነው!»

«አስገቢው።»

«ምን አግኝተሽ ነው?»

ልጄ ለጊዜው ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። «የጥርስ ሕክምና ጀምሬያለሁ» አልኳት።

«ለአንዲት ጥርስ ብለሽ እኔን ልትተዪኝ?»

«መንጋጋ እኮ ናት!» አልኩ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀመችው። ለእህቴ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። መስኮቱን አስጠግናለች፣ መጋረጃ አጥባለች፣ ማታ ማታ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። ግን አልተናገርኩም። ምሥጢር መያዝ ችዬበት ነው እንዳልል፣ ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር።

ታኅሣሥ 12፣ ሐሙስ

ሐኪሙ ቁስሉ ድኗል አለ። በነቀለው ቦታ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊያስገባልኝ ነው። ታችኛዋ ካልመጣሁ ብላ መጥታ፣ ወርቅ ይሁን ብላ ሐኪሙን ያዘችው። እየተጯጯኹ ወደ እኔ ዞሩ። ልጄ ባለፈው ሳምንት «አይ» የሚለውን ቃል አስተምራኛለች። አልኩት። ሐኪሙ እጄን ይዞ ጨበጠኝ። ታችኛዋ እስከ ቤት ድረስ አኮረፈችኝ፤ ደረጃው ላይ ስንደርስ ታረቅን።

ጥር 6፣ እሑድ

የልጄ ሆድ በሹራብ አይደበቅም አሁን። የእርግዝና ሐኪሟ የሕፃኑን የልብ ትርታ አሰማቻት። ልጄም ለእኔ በስልኳ ቀድታ አመጣችልኝ። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው፣ ጡጥ ጡጥ ጡጥ። ደጋግሜ ሰማሁት። የድምፁን ጥራት ለማየት ነው።

«አሁን ለአክስቴ ንገሪያት» አለችኝ።

ደወልኩ። ካኮረፈች ወዲህ አታነሳም ነበር፤ ዛሬ አነሳች። ነገርኳት። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሀሎ? ሀሎ?» ስል ለካ እያለቀሰች ነው።

«እና ይህን ሁሉ ጊዜ ጥርስ ጥርስ ትዪኛለሽ?»

«ልጅቷ አስምላኝ ነው።»

«እንግዲያው ስሚ» አለች አፍንጫዋን ጠርጋ። «አንቺ ልጅ ካጠብሽ ስንት ዘመን ሆኖሻል። አንገቱን እንኳ መያዝ ረስተሻል። ቤቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ቀድሜ ነው የምመጣው። እስኪድህ ድረስም ንቅንቅ አልልም። አልጋ አዘጋጁልኝ።»

«የት ጋ?» ስላት ዘግታዋለች።

እህቴን አውቃታለሁ፤ አለች ማለት መጣች ማለት ነው። ስታንኮራፋ ደግሞ ታችኛዋ ሳትቀር ትሰማታለች።

ልጄ ተኝታለች። አማቼ ሳሎን ወለል ላይ ተንበርክኮ የሕፃን አልጋ ብሎን እያጠበቀ ነው። ትናንት ትልቁ አልጋቸው ትንሿ ክፍል ውስጥ ገብቶለታል፤ አንድ ጣት የምታህል ቦታ ተርፋለች ብሎ ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ደውሏል። አሁንም እያፏጨ ነው።

በሩ ላይ ቆሜ የእህቴን መምጣት ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ቀና ብሎ «ምነው እማማ፣ የፈለጉት ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። ትንሽ ያፏጭ ብዬ ተውኩት።